ያለ ኢንሻአላህ የወጡ እጆች

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ሐሙስ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ካፖርቱንና ጋቢውን እያወለቀ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እኔ የማወልቀው አልነበረኝም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ በእጄ የነበረው የምደባ ደብዳቤና አንድ ሻንጣ መጻሕፍት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስለነበሩት ሁለት ዓመታት በዚህ ጽሑፍ አልናገርም። ዘመኑ የደርግ ዘመን እንደነበር፣ እኔም ትምህርቴን ያቋረጥኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደነበርኩ ማመልከት ይበቃል።

የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ እትዬ በላይነሽ ይባሉ ነበር። ደብዳቤዬን ከዳር እስከ ዳር አነበቡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ምን ነበር የተማርከው?»

«ፍልስፍና።»

«እኛ የጠየቅነው ብስክሌት ነበር» አሉ። ቀጥለውም ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ይሁን። መጀመሪያ መጻሕፍትህን ከመሬት አንሣ። እዚህ አገር ምስጥ አለ፤ የሚበላውን አይመርጥም።»

የሥራ መደቤ «የንባብ ክፍሎች አስተባባሪ» ይባላል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል የቈጠረ ገበሬ የሚያነበው ነገር ካላገኘ ፊደሉ በአንድ ክረምት ይጠፋበታል። ስለዚህ በየገበሬ ማኅበሩ አንዲት የጭቃ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ የግድግዳ ጋዜጣ እንዲኖር ተወስኖ ነበር። ወንበሩን ማኅበሩ ያቀርባል፤ ጋዜጣውን እኔ እሠራለሁ። ሠርቼም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ አንዳንዴም በእግሬ፣ እስከ ካራቆሬና እስከ ማጀቴ እያዞርኩ እለጥፋለሁ።

የግድግዳ ጋዜጣ አሠራር ዛሬ ስለተረሳ ለወጣት ባልደረቦቼ ልግለጸው። ሰፊ ነጭ ወረቀት በእርሳስና በማስመሪያ በአራት ይከፈላል። ርእሱ በሰፊ ብሩሽ በቀይ ቀለም፣ ሐተታው በቀጭን ብሩሽ በጥቁር ቀለም ይጻፋል። ከሰው ጀርባ የቆመም እንዲያነብ ፊደሉ አውራ ጣት ማከል አለበት። አዲስ አንባቢ በጣቱ እየተከተለ ስለሚያነብ ከታች ያሉት መስመሮች በእጅ ወዝ ቶሎ ይደበዝዛሉ፤ ዋናው ነገር ከደረት በላይ መጻፍ ይኖርበታል። ዐረፍተ ነገሩም ሦስተኛ መስመር መድረስ የለበትም፤ አንባቢው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ሙጫውን ከስንዴ ዱቄት እያፈላሁ እሠራ ነበር። የመጀመሪያ ጋዜጣዬን በለጠፍኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምስጡ ሙጫውን ከነወረቀቱ በላው። ጠዋት ስደርስ ግድግዳው ላይ የቀረው ስለ ወባ የጻፍኩት ርእስ ብቻ ነው። ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳቸው።

«ቢያንስ ከዳር እስከ ዳር የጨረሰልህ አግኝተሃል» አሉኝ። «እሬት ጨምርበት።»

የእሬት ውሃ ሙጫው ላይ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ የነካው ምስጥ የለም። እጄ ግን ለዓመታት ሲመረኝ ኖሯል፤ በእጄ ስበላ አስታውሰዋለሁ።

ከጋዜጣው አራት ክፍሎች አንዱ «የአሳቢዎች ጥግ» የሚባል ነበር። የከፈተው የአካባቢው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ታደለ ነው። ታደለ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ፣ የደጋ ልጅ፣ ቆላው ያልተስማማው፣ ወባ እየተመላለሰ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ነበር። በሥራ በኩል ሰነፍ ነው አልልም። ቢሮው ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦

«ይህ ሕዝብ ሁሉ ነገር ከላይ የሚወርድለት ይመስለዋል። ሰው ማድረግ እንደሚችል ታላላቅ አሳቢዎች የተናገሩትን እያመጣህ ጻፍለት። ረቂቁን ማክሰኞ ማክሰኞ ታሳየኛለህ። ቀይ ምልክቴ የሌለበት ነገር ግድግዳ አይነካም።»

«እሺ ጓድ።»

«ፋይልህን አንብቤዋለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ለማስፈራራት አይደለም። እንድታውቀው ነው።»

ሥራው ለእኔ የሚመች ሥራ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ስለሚቻልና ስለማይቻል ነገር፣ ስለ ሰው ፈቃድና ድርጊት ብዙ አንብቤ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ አውራ ጣት በሚያክል ፊደል፣ ሦስተኛ መስመር በማይደርስ ዐረፍተ ነገር ማስፈር ነበረብኝ። ቃላቸውን እንዳለ ማቅረብ ስለማይቻል ሐሳባቸውን ብቻ እወስድ ነበር። በዘር ውስጥ ያለው ዛፍ ገና ዛፍ ባይሆንም ባዶም አለመሆኑን ያስተማረውን የጥንት ግሪካዊ አቀረብኩ። በባርነት ኖሮ ነፃ የወጣውን፣ በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየት የጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ነው የሚለውን ሌላውን አቀረብኩ። ዓለምን ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መለወጥም እንደሚያስፈልግ የጻፉትንም አልተውኩም፤ ታደለ ቀይ ምልክቱን ከሁሉ አድምቆ ያደረገው በእነዚህ ላይ ነበር።

ጋዜጣው የሚነበበው በገበያ ቀን ነው። በወንዙ አጠገብ ባለው ገበሬ ማኅበር የንባብ ክፍል ጮክ ብላ የምታነብላቸው ዘሀራ የምትባል ቃሪያና ቲማቲም ነጋዴ ነበረች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ፊደል የቈጠረችው በዘመቻው ነው፤ ድምፅዋ ከገበያው ጫጫታ በላይ ይሰማል። ስለ ባሪያው አሳቢ ያነበበችበትን ቀን አስታውሳለሁ።

«ይሄ ሰውዬ መሬት ነበረው?» አለ አንዱ ገበሬ።

«ባሪያ ነበር ይላል» አለች ዘሀራ።

«ታዲያ በእጁ የነበረው ምንድነው?»

«ቆይ እንጂ፣ ልጨርስልህ!»

«እኔ እንኳ ጥማድ በሬ አለኝ። እኔን ለምን አይጽፉኝም?»

«አንተ መጀመሪያ የቃሪያዬን ክፈልና እጽፍሃለሁ!»

ሳቁ። እኔም ከኋላ ቆሜ ሳቅሁ። በዚያ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የደመወዝ ቀን እንኳ እንደዚያ ያለ ደስታ አልሰጠኝም።

የዚያ መንደር የውሃ አባት ሼህ እንድሪስ ነበሩ። የውሃ አባት ማለት የሮቢ ወንዝን ውሃ በጠለፋ ወደ ቦዩ መልሶ፣ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሰው ነው። መንግሥት ሾሞት አይደለም፤ ገበሬው መርጦት ነው። ሼህ እንድሪስ በወጣትነታቸው በይፋት ሊቃውንት ዘንድ ሃይማኖታቸውን የተማሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጋዜጣውን ቀስ ብለው አንብበው ከጨረሱ በኋላ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎችህ የተጨቃጨቁበትን የእኛም ሊቃውንት ተጨቃጭቀውበታል» አሉኝ። «አንዱ ወገን ሰው ለሥራው ራሱ ፈጣሪ ነው ይላል። አንዱ ወገን ሰው በነፋስ እንደሚሄድ ገለባ ነው ይላል። መካከል የቆሙት ደግሞ መፍጠሩ የአላህ፣ ሥራውን የራስ ማድረጉ የሰው ነው ይላሉ።»

«እርስዎ ከየትኛው ነዎት?»

«እኔ የውሃ አባት ነኝ» አሉ። «ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው። ቦዩን የምጠርገው እኔ ነኝ። ቦዩን ሳልጠርግ ውሃ ብለምን አፍራለሁ። ውሃ ሳይመጣ ቦዩን አይቼ ብኩራራም ሰው ይስቅብኛል።»

ስለዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተጨዋወትን። በአብዛኛው አንስማማም ነበር። እኔ ለሰው የበለጠ ድርሻ እሰጥ ነበር፤ እሳቸው እምቢ ይላሉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ በዚያ አገር ሳልጠነቀቅ ያወራሁት ሰው እሳቸው ናቸው።

በአንዱ ክረምት የወንዙ ጎርፍ ጠለፋውን ጠራርጎ ወሰደው። ጠለፋው ከድንጋይ፣ ከግራር ቅርንጫፍና ከአፈር የሚሠራ ስለሆነ በየክረምቱ የተወሰነ ክፍሉ ይፈርሳል፤ ያን ዓመት ግን ሥሩ እንኳ አልቀረም። መስከረም ሲብት የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ ቆሞ ውሃ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ከበላይ የመጡ እንግዶች የመንደሩን ልማት ሊጎበኙ መሆናቸው ለጓድ ታደለ ተነገረው። የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው በንባብ ክፍሉ ፊት፣ ከግራሮቹ ሥር ተደረገ። ታደለ ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፤ ወባው ተነሥቶበት ነበር። ስለ ሰው ልጅ ኃይል ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ግማሹ ከእኔ ጥግ የተወሰደ ነው። በመጨረሻም ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ።

«አንቱ የውሃ አባት ነዎት። ሰኞ ሥራ ትጀምራላችሁ?»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሼሁ።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁት። ትጀምራላችሁ ወይስ አትጀምሩም?»

«እንጀምራለን፣ ኢንሻአላህ።»

ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ታደለ ፊቱ ቀላ።

«ስማ! ‹እንጀምራለን› በል፤ እዚያው ላይ አቁም።»

በአንቱ የጀመረው በአንተ ሲጨርስ ሳቁ ወዲያው ቆመ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ሼህ እንድሪስ ግን በዚያው ድምፅ «ወላሂ ጓድ፣ እዚያ ላይ ማቆም አልችልም» አሉ።

ታደለ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በስብሰባና በሥራ ጉዳይ ያ ቃል እንዳይነገር ከለከለ። ሥራን ለዕድል የሚተው፣ የሰውን ወኔ የሚሰልብ ቃል ነው አለ። «ሰኞ እንገኛለን የምትሉ፣ ያለ ምንም ጭማሪ እጅ አውጡ!» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልወጣው የሼህ እንድሪስ እጅ ብቻ ነበር። ታደለ ቆጠረ፤ ተደሰተ፤ ወደ እኔም ዞሮ ስለ ቃሉ ጎጂነት አሳቢዎች ያሉትን ለሚቀጥለው ጋዜጣ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። «የሼሁን ስም ግን አትጥቀስ» አለ። «የእሳቸውን ጉዳይ በሌላ መንገድ አየዋለሁ።»

በሌላ መንገድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለጋዜጣው ዘገባ እንድጽፍ ታደለ በላንድሮቨር ይዞኝ ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ዳር አንድ ሰው ነበር። ሼህ እንድሪስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ውሃው ውስጥ ቆመው፣ በድጅኖ ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር።

ታደለ ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከተ። «ሕዝቡ የት አለ?»

«አልመጣም» አሉ ሼሁ።

«እጁን አውጥቶ አልነበር?»

«ማውጣትስ አወጣ።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እንጀምራለን ብዬ ነበራ» አሉና ድንጋዩን ገፉት።

ታደለ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በኋላ «አድማ ነው» አለ። «ቀስቅሶ አስቀርቶ፣ እሱ ንጹሕ ለመምሰል ብቻውን መጣ። ይህን ነገር ለበላይ ሪፖርት አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ ይወሰዳል።»

ከሰዓት በኋላ ዘሀራን በገበያው መደቧ ላይ አገኘኋት። ሼሁ ሰው ከልክለው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አንድ ቃል አልተነፈሱም» አለች። «ደግሞ ማን ቀጠሮ ያዘና ነው የሚቀረው?»

«ሁሉም እጁን አውጥቶ የለም እንዴ?»

ቃሪያ መደርደሯን ትታ አየችኝ። «መምህር፣ ይሄን ያህል ዘመን አብረኸን ኖረህ! ባሌ ማታ እመጣለሁ ብሎ ባዶውን ከወጣ እኔ እራት አላቆይለትም። ኢንሻአላህ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ይመጣል፤ ካልመጣ ታሟል ማለት ነው፤ ሰው እልካለሁ። ያለሱ የተባለ ነገር ወሬ ነው። ካድሬው ያለሱ በሉ ሲለን፣ ለእንግዶቹ ለይምሰል ነው እንጂ የእውነት ሥራ አይደለም ብለን ነው እጅ ያወጣነው። ደግሞ ጎርፍ ላይ ባዶ ቃል ማን ይደፍራል? ወንዙ እኮ ሰው ይወስዳል።»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ታደለ ሕዝቡን ቃል ያስገባ መስሎት ቃል መግባት የሚቻልበትን ብቸኛውን በር ዘግቶበታል። የወጡት እጆች ሁሉ ባዶ ነበሩ፤ ባዶ መሆናቸውንም ከታደለና ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ወደ እትዬ በላይነሽ ሄጄ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው።

«ያዘዘህን ጻፍና ተገላገል» አሉኝ። «አንተ ሰው የማዳን ሥራ ላይ አልተመደብክም።»

«ከጻፍኩት ሼሁ ላይ ማስረጃ ይሆናል።»

«ካልጻፍከው ደግሞ አንተው ማስረጃ ትሆናለህ።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ለታደለ ስለ ሼሁ አትንገረው። ስለ ጠለፋው ንገረው። ሼሁ እንዲወሰዱ አይደለም የሚፈልገው፤ እንግዶቹ ሲመጡ ውሃ እንዲኖር ነው።»

ማክሰኞ እንደ ልማዱ ረቂቅ ይዤ ቢሮው ገባሁ። ታደለ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ጓድ» አልኩ፣ «ሕዝቡን ፊርማውን ከልክለን ነው ያስፈረምነው።»

ዘሀራ ያለችኝን ስሟን ሳልጠቅስ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ይህ የየትኛው አሳቢ ሐሳብ ነው?»

«የየትኛውም አይደለም። የዚህ አካባቢ የሥራ ልማድ ነው።»

«ታዲያ በማን ስም ልትጽፈው ነው? ያለ ስም የሚወጣ ነገር የለም።»

«በእኔ ስም።»

ረቂቁን አነበበ። ቀይ ብዕሩን አነሣ፤ ለጥቂት ጊዜ ያዘው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ይህን አላየሁትም» አለ። «በሚቀጥለው ሰኞ ሰው ከወጣ ምንጊዜም አላየሁትም። ካልወጣ አንተም ሼሁም አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ውጣ። በሩን ዝጋው፤ ይበርደኛል።»

ከውጭ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጥ ነበር።

በዚያ ሌሊት አልተኛሁም ማለት አልችልም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ቀለሜን በጠበጥኩ፤ ወረቀቱን አሰመርኩ። በሥራ ዘመኔ ያለ ቀይ ምልክት የለጠፍኩት ጋዜጣ እሱ ብቻ ነው። በአሳቢዎች ጥግ የሰፈረው ይህ ነበር፦

«ሰኞ ጠዋት አካፋ ይዤ ወንዙ ዳር እገኛለሁ።
ድንጋዩን ማንሣት የእኔ ነው።
ጎርፉ የእኔ አይደለም።
ኢንሻአላህ እመጣለሁ።»

ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በቤቴ የምለው እግዜር ካለ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ግን ሰው የሚታሰረው በዚያ ቃል ስለሆነ በዚያ ቃል ታሰርኩ።

በገበያው ቀን ዘሀራ ለማንበብ ስትጀምር ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ዝግ አለች። አራተኛውን ካነበበች በኋላ ስሜን ሳታነብ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያም አነበበችው። የመጣ ካድሬ እንዳለ ለማየት ወደ መንገዱ የዞሩ ነበሩ።

መጀመሪያ የተናገረው ባለጥማድ በሬው ገበሬ ነው።

«ይሄ መምህር ድንጋይ ማንሳት ይችላል?»

«እጁን አላየህም? ብሩሽ እንኳ ይከብደዋል!»

«እንግዲህ እሱ መጥቶ እኛ ከቀረን፣ ሴቶቹ አገር አያስቀምጡንም።»

«አናስቀምጣችሁም!» አለች ዘሀራ።

ባለበሬው ወደ ግድግዳው ቀረብ አለ። ማንበብ ጀማሪ ስለነበር የመጨረሻውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ለራሱ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ። ኢንሻአላህ» አለ። አጠገቡ ያለውም ደገመው። እንዲህ እያለ ቃሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ቃሪያውና ወደ ማሾው መደብ ሄደ። እጅ ያወጣ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ወንዙ ዳር ስደርስ ሼህ እንድሪስ ቀድመውኛል። አካፋዬን አይተው «አያያዝህ ልክ አይደለም» አሉና አስተካከሉልኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ አካፋውን ይዤ መንገዱን አያለሁ፤ እሳቸው ድንጋይ ይፈነቅላሉ።

«መምህር፣ መንገዱ አይሸሽም» አሉኝ። «ድንጋዩን ያዝ።»

ድንጋዩን ያዝኩ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ስትል በመጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ቀጥሎ የድጅኖ ድምፅ። በቦዩ ዳር ተከታትለው መጡ፤ ድጅኖና ዶማ የያዙ፣ የግራር ቅርንጫፍ የሚጎትቱ፣ ባለጥማድ በሬውም ከነበሬዎቹ። ሴቶቹ በጆንያ አፈር ያቀብሉ ነበር። ታደለ ረፋዱ ላይ መጥቶ ከመኪናው ሳይወርድ ተመለከተ። ከዚያ ወረደ፤ ሻሹን ፈታ፤ ከአንዱ ጋር ድንጋይ ያዘ። ለሼህ እንድሪስ ውሃ ሲያቀብል «እንኩ፣ ይጠጡ» ሲል ሰምቻለሁ።

ጠለፋው በሳምንቱ መጨረሻ ውሃውን ወደ ቦዩ መለሰ። ወዲያው ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ከጫፉ የተወሰነውን ወሰደው፤ ተመልሰው ሠሩት። እንግዶቹ አልመጡም፤ በዋናው መንገድ ወደ ደሴ አለፉ አሉ። ሽንኩርቱ ግን ደረሰ። ሼህ እንድሪስ አልተወሰዱም። እስኪሞቱ ድረስ የውሃ አባት ሆነው ኖሩ፤ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ።

የአሳቢዎች ጥግ ያለ ማብራሪያ ተዘጋ። ቦታው ለጤና ምክር ተሰጠ፤ ስለ ወባ መልሼ ጻፍኩ። እኔም ወደ ላይ አንድ ጊዜ ተጠርቼ አንድ ጥያቄ ተጠየቅኩ።

«ቃሉን ለምን በእነሱ አነጋገር ጻፍከው?»

«አንባቢዎቼ እነሱ ስለሆኑ።»

ጠያቂው ይህን ጻፈና አሰናበተኝ። በማን ቸልታ ወይም በማን ቃል እንደታለፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ታደለ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ሲሄድ አልተሰነባበትንም። ብዕሩን አንሥቶ መልሶ ያስቀመጠበትን ቅጽበት ግን ሳስበው፣ የእሱም እጅ በዚያ ጠለፋ ላይ አለ እላለሁ።

በዚያ ሥራ እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ቆየሁ። አሳቢዎቹን አሁንም አነባቸዋለሁ፤ ስለሚቻለውና ስለማይቻለው የተናገሩት አልረከሰብኝም። ከሥራዬ የተማርኩት ግን አጭር ነው። ሰው እንዲሠራ የሚፈልግ፣ ሰውየው ራሱን በሚያስርበት ቃል እንዲገባ ይተወው፤ ፈላጊውም ራሱ አካፋውን ይዞ ቀድሞ ይገኝ።